አደጋ የዕድገት ዋጋ አይደለም፦ ስለ ከተሞቻችን ጎርፍ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ከተማ ሲያድግ አደጋውም አብሮ ያድጋል» የሚል ርእስ የተሰጠው ጽሑፍ ሰሞኑን በብዙዎች ዘንድ ሲነበብና ሲጠቀስ ሰንብቷል። ጸሐፊው አዲስ አበባን፣ ድሬዳዋንና ሌሎች በፍጥነት እየሰፉ ያሉ ከተሞችን በየጊዜው የሚያገኛቸውን ጉዳት መነሻ አድርገው አምስት ነገሮችን ይላሉ። አንደኛ፣ ጎርፍና የመሬት መንሸራተት የተፈጥሮ ቁጣ ናቸው፤ ያባባሳቸውም ባለጸጎቹ አገሮች ያመጡት የአየር ንብረት ለውጥ ስለሆነ መፍትሔው በእኛ እጅ አይደለም። ሁለተኛ፣ የሚሠራ ነገር ካለ ትልልቅ ቱቦ መቅበርና ወንዞችን በኮንክሪት ግንብ ማጠር ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ በወንዝ ዳርና በገደል አፋፍ የሰፈሩ ሰዎች አደጋውን እያወቁ የገቡበት ስለሆነ ማንሣት እንጂ ሌላ ምክክር አያስፈልግም። አራተኛ፣ ቅድመ ማስጠንቀቂያ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው። አምስተኛ፣ መጀመሪያ እንደግ፤ ጥንቃቄው ገንዘብ ሲገኝ ይደርሳል።

ጸሐፊው ለከተሞቻችን ተቆርቁረው እንደ ጻፉ ከአነጋገራቸው ያስታውቃል። እኔ ደግሞ ከሃያ ዓመት በላይ በከተማ የዝናብ ውሃ ማስወገጃ ሥራ ላይ የቆየሁ መሐንዲስ እንደ መሆኔ፣ አምስቱ ነጥቦች አንድ ላይ ሲነበቡ የሚሰጡትን ትርጉም ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልሁም። ትርጉሙ አደጋ የዕድገት ዋጋ ነውና ከፍለን እንለፍ የሚል ነው። ይህን ዋጋ ግን የሚከፍሉት የዕድገቱ ተጠቃሚዎች አይደሉም፤ ደግሞም መከፈል የሌለበት ዋጋ ነው።

ከመጀመሪያው ነጥብ ልነሣ፤ ብዙ የምለውም በእርሱ ላይ ነው። ጸሐፊው የቆሼን አደጋና የድሬዳዋን የ1998 ዓ.ም. ጎርፍ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅልለው «የተፈጥሮ ቁጣ» ብለዋቸዋል። ሁለቱን ለየብቻ እንያቸው።

ቆሼ የተናደው መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት ነው። ወቅቱ ክረምት አልነበረም፤ ወንዝም አልሞላም። የተናደው ለግማሽ ምእተ ዓመት ያህል የአዲስ አበባ ቆሻሻ ሲከመርበት የኖረ ሰው ሠራሽ ተራራ ነው፤ ከሥሩም ቤት ሠርተው፣ ልጅ ወልደው፣ ከዚያው ከክምሩ የሚሸጥ ነገር እየለቀሙ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በአገር ደረጃም የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ። ከአደጋው ቀደም ብሎ ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ እንዲዛወር ታስቦ አዲስ ማስወገጃ ተሠርቶ ነበር፤ የአካባቢው አርሶ አደሮች ቅሬታ አንሥተው ሥራው ሲቋረጥ ግን መኪናዎቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። ሞልቷል ተብሎ የተዘጋ ቦታ ላይ እንደገና መደፋቱ ቀጠለ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሰው ውሳኔ በየደረጃው ይታያል፤ የተፈጥሮን ቁጣ ግን ፈልጌ አላገኘሁትም።

የድሬዳዋው ይለያል፤ በእርግጥ ዝናብ ነበረበት። የደቻቱን ወንዝ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከዚራንና መጋላን የሚለየው ያ ሰፊ የወንዝ ወለል ዓመቱን በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል፣ አሸዋ ይጫንበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ውሃው የሚመጣው ከላይ፣ ከደንገጎና ከአካባቢው ተራሮች ነው፤ በሚመጣበት ጊዜም እንደ ደጋ ወንዝ ቀስ እያለ አይሞላም፣ በአንድ ጊዜ ግድግዳ ሆኖ ይደርሳል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. የሆነውም ይኸው ነው። ከተማው ተኝቷል። ተራራው ላይ የወረደው ዝናብ፣ ዛፉ ከተመነጠረበት ቁልቁለት ላይ ምንም ሳይዘው ወርዶ፣ አሸዋው የወንዝ ወለል መሆኑን ረስተን ቤት የሠራንበትን ቦታ ሁሉ መልሶ ያዘው። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤት አልባ ሆኑ።

ዝናቡ የተፈጥሮ ክስተት ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ያ ዝናብ ሰው በማይኖርበት ሸለቆ ቢወርድ ኖሮ ግን አደጋ የሚለው ስም ባልተሰጠው ነበር። ክስተቱን አደጋ የሚያደርገው ውሃው በሚያልፍበት ቦታ ማን እንዳለ፣ በምን ዓይነት ቤት ውስጥ እንዳለና ማን እንዳስጠነቀቀው ነው። እነዚህ ሦስቱም ደግሞ የሰው ሥራዎች ናቸው።

የአየር ንብረት ለውጡን በተመለከተ ጸሐፊው የተናገሩት ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሹ እውነት ስለ ሆነም በጥንቃቄ መመለስ አለበት። አፍሪካ በጠቅላላ ከነዳጅ ለሚወጣው የዓለም የካርቦን ልቀት የምታዋጣው ከመቶ አራት እጅ እንኳ አይሞላም። አየሩ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር ሊሸከም የሚችለው እርጥበት በመቶ ሰባት ገደማ ስለሚጨምር፣ ከባድ ዝናብ ይበልጥ እየከበደ መሄዱ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በሻርም ኤል ሼክ በተደረገው የአየር ንብረት ጉባኤ ባለጸጎቹ አገሮች በለውጡ ለተጎዱ ድኻ አገሮች የሚሆን የኪሣራና ጉዳት ፈንድ እንዲቋቋም ተስማምተዋል፤ ዕዳው አለባቸውና እኛም አጥብቀን ልንጠይቀው ይገባል። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ ያለው ጎርፍ የጨመረበት ምክንያት ሰማዩ ብቻ አይደለም።

ይህን በጀሪካን ላስላው። ስፋቱ 100 ካሬ ሜትር በሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 4,000 ሊትር ውሃ ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለት መቶ ማለት ነው። ቤቱ ከመሠራቱ በፊት በዚያው ቦታ ሣር በነበረ ጊዜ የውሃው ትልቁ ድርሻ ወደ መሬት ይሰርግ፣ የቀረውም ሣሩ እየያዘው ቀስ ብሎ ይወርድ ነበር። አሁን ግን ሁለት መቶው ጀሪካን ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ አንድም ሳይጎድል መንገዱ ላይ ነው። ይህን በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ጣሪያዎች፣ በተነጠፈው አስፋልትና በስሚንቶ በተለሰነው የግቢ ሜዳ ሁሉ አባዙት። የአዲስ አበባ ሕዝብ በ1976ቱ ቆጠራ 1.4 ሚሊዮን፣ በ1999ኙ ቆጠራ 2.7 ሚሊዮን ነበር፤ አሁን የተባበሩት መንግሥታት ግምት ከ5 ሚሊዮን በላይ ያደርሰዋል። ከተማዪቱ ደግሞ ከእንጦጦ ጫፍ እስከ አቃቂ ሜዳ ወደ አንድ ሺህ ሜትር በሚጠጋ ቁልቁለት ላይ የተዘረጋች ናት። ስለዚህ ሰማዩ አንዲት ጠብታ ባይጨምር እንኳ ቀበና፣ ግንፍሌና ባንትየቀጡ ከአያቶቻችን ዘመን የበለጠ፣ የፈጠነም ውሃ ይሸከማሉ። ይህን ያደረገው የእኛ አሠራር ነው፤ የእኛ ሥራ ከሆነ ዘንድ ማረሙም የእኛ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስመጣ በራሴ ሙያ ላይ ልመሰክር ነው። ጸሐፊው ትልልቅ ቱቦ ይቀበር፣ ወንዙ በግንብ ይታጠር ይላሉ። እኔም ቱቦ ስቀብር የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ግንብም አስገንብቻለሁ። በድሬዳዋ ከአደጋው በኋላ በደቻቱ ዳርና ዳር የተሠራውን ግንብ አስፈላጊ አልነበረም የሚል ሰው ቢመጣ ከጸሐፊው ጋር ቆሜ እከራከረዋለሁ። የማልስማማው «ብቻ» በሚለው ቃል ላይ ነው።

ባለፈው ግንቦት፣ ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ከአንድ ትንሽ ድልድይ ሥር ያለ የአንድ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ለማየት ከሠራተኞች ጋር ወርጄ ነበር። በባትሪ ብናበራም የቱቦው ሌላኛው ጫፍ አልታየንም። ከታች በአቅራቢያው ካለ ግንባታ የታጠበ አሸዋና ጠጠር ደርቆ እንደ ወለል ሆኗል፤ በላዩ የጫት ገረባ፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ የተቀደደ ፍራሽ፣ አንድ የሚኒባስ ጎማ ተሰግስጓል። ለውሃ የቀረው ከላይ አንድ ክንድ የማይሞላ ክፍተት ነው። በፕላኑ ላይ የአንድ ሜትር ቱቦ ነው፤ በተግባር ግን የሩቡን ያህል እንኳ አያሳልፍም። እዚያው ቦታ ላይ የሁለት ሜትር ቱቦ ቢቀበር፣ ጠራጊ እስከሌለው ድረስ፣ በሦስተኛው ዓመት የምናገኘው ይህንኑ ነው። በዚያ ቀን አራት ሠራተኞች በአካፋና በጆንያ ቀኑን ሙሉ ጠርገው ቱቦውን ከፈቱት። የአራት ሰው የቀን ሒሳብ ለአንድ ቱቦ መቀየሪያ ከሚወጣው ጋር ለማነጻጸር እንኳ የሚበቃ አይደለም። ሆኖም ለግንባታ በጀት ሲያዝ ለጽዳት የሚያዘው በጀት ሁልጊዜ በመጨረሻ የሚታሰብና በመጀመሪያ የሚቀነስ መሆኑን በሥራዬ ዘመን ሁሉ አይቻለሁ፤ ከዚህ የበለጠ የሚያሳዝነኝ ነገርም በሙያዬ የለም።

በኮሎምቢያ ማኒዛሌስ የምትባል በተራራ ጀርባ ላይ የተሠራች ከተማ አለች፤ የመሬት መንሸራተት ብርቋ አይደለም። ከተማዪቱ በተዳፋቱ ሰፈሮች የሚኖሩ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሴቶችን ቀጥራ የተዳፋቱን የውሃ ቦዮች እንዲጠርጉ፣ የሰነጠቀ ግንብና የተከፈተ መሬት ሲያዩም እንዲያሳውቁ አድርጋለች። «የተዳፋቱ ጠባቂዎች» ይባላሉ። ለሴቶቹ እንጀራ፣ ለሰፈሩ ደኅንነት ሆነ። እንዲህ ያለውን ነገር ለመሥራት ከማን ብድር መጠየቅ ያስፈልገናል?

ሌላም አለ። ቱቦ ውሃን አያጠፋም፤ ያፈጥነዋል እንጂ። ላይኛው ሰፈር ቱቦው ሲሰፋለት እፎይ ይላል፣ ታችኛው ሰፈር ግን ቀድሞ በአንድ ሰዓት ይደርሰው የነበረው ውሃ በሃያ ደቂቃ ይደርሰዋል። ይህን የማይካድ ነገር የተቀበሉት ገንዘብ የሌላቸው ብቻ አይደሉም። ኮፐንሃገን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 2011 በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ወርዶባት ከተጥለቀለቀች በኋላ፣ ቱቦዎቿን ሁሉ ከማስፋት ይልቅ መናፈሻዎቿን ዝቅ አድርጋ ለጥቂት ሰዓት ውሃ እንዲይዙ፣ የተመረጡ መንገዶቿም ጎርፍ ሲመጣ ውሃ እንዲመሩ ማድረግን መርጣለች፤ ስታሰላው ይኸኛው መንገድ ይረክስ ነበርና። እኛ ጋ ሜዳው ገና ሙሉ በሙሉ አላለቀም። አንድ የኳስ ሜዳ ከመንገዱ ግማሽ ሜትር ዝቅ ተደርጎ ቢሠራ ክረምት ሲገባ የሰፈር ማጠራቀሚያ ይሆናል፤ በአሸዋ ላይ የተነጠፈ ኮብልስቶን ከአስፋልት ይልቅ ውሃ ያሰርጋል፤ በእንጦጦና በየካ ተራሮች ላይ የሚሠራ እርከንና የሚተከል አገር በቀል ዛፍ ውሃውን ከምንጩ ያዘገየዋል። ግንቡ እነዚህን ሁሉ የሚያግዝ እንጂ የሚተካቸው አይደለም። ብቻውን ሲሆን ደግሞ የራሱ የሆነ አደጋ ያመጣል፦ ሰው ግንቡን አምኖ ወደ ወንዙ ይጠጋል፤ ግንቡ ከታሰበለት በላይ ውሃ የመጣ ቀን ከግንቡ በስተጀርባ ያለው ሰው ከቀድሞው ይበዛል።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ስለ ወንዝ ዳር ነዋሪዎች የተባለው፣ ጽሑፉን ሳነብ ልቤን ያሳዘነው ክፍል ነው። ጸሐፊው «እያወቁ ገቡበት» ይላሉ። በቀበና ዳር ለዓመታት የማውቃት አንዲት እናት አለች፤ እንጀራ ጋግራ በአቅራቢያው ላሉ ምግብ ቤቶች ታስረክባለች። በቤቷ የውጭ ግድግዳ ላይ በከሰል የተሰመሩ ሦስት መሥመሮች አሉ፤ ውሃው ወደ ግቢዋ በገባባቸው ሦስት ክረምቶች የደረሰበትን ከፍታ ያሰመረችው እርሷ ናት። ለምን እንደማትለቅ በጠየቅኋት ጊዜ «ልጄ፣ ውሃው የሚመጣ መሆኑን የማላውቅ መሰለህ? ምጣዴን ተሸክሜ የት ልሂድ? ደንበኞቼ እዚህ ናቸው» አለችኝ። አዎን፣ ታውቃለች። ያላት ምርጫ ግን በአንዳንድ ክረምት ለጥቂት ሌሊቶች ከሚመጣ ውሃና በየቀኑ ከሚመጣ ረኃብ መካከል ነው። እንዲህ ያለውን ምርጫ በፈቃድ የተመረጠ አድርጎ ማቅረብ ፍትሕ አይደለም።

መነሣት የሚገባቸው ቤቶች የሉም እያልሁ አይደለም። ውሃ ከሥሩ የሸረሸረው ግንብ ላይ የተንጠለጠለ ቤት ሳይውል ሳያድር መነሣት አለበት፤ ባለቤቱ ባይወድ እንኳ። ነገር ግን ሰውን ከሥራው፣ ከልጁ ትምህርት ቤትና ከእድሩ ነቅሎ ከተማው ጫፍ ላይ ማስፈር፣ ለታክሲ የሚከፍለው ከሚያገኘው ሲበልጥበት ተመልሶ እንዲመጣ ወይም ሌላ ሸለቆ እንዲፈልግ ማድረግ ነው። የለቀቀው ቦታም በማግሥቱ አገልግሎት ካልተሰጠውና ጠባቂ ካልቆመለት፣ በሌላ የጨረቃ ቤት ለመያዝ አንድ ክረምት አይፈጅበትም። በቅርብ ቦታ፣ ከነዋሪው ጋር ተመካክሮ፣ ከክረምት በፊት የሚደረግ ማዛወር ግን ይሠራል፤ ጸሐፊው አያስፈልግም ያሉት ምክክርም ሥራውን የሚያሳካው ዋናው ነገር ነው።

ደግሞስ በአደጋ ቦታ የሚሠራው ድኻ ብቻ ነውን? ካርታና የግንባታ ፈቃድ ይዘው በወንዝ ጠርዝ፣ በረግረግ መሬትና በተራራ ወገብ ላይ የሚቆሙትን ሕንፃዎች ጸሐፊው በአንድ ቃል እንኳ አላነሡም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 14 ቀን 2017 በሴራሊዮን ዋና ከተማ በፍሪታውን የተናደው ተራራ ከሺህ በላይ ሰዎችን ገድሏል ወይም የት እንደ ደረሱ ሳይታወቅ ቀርቷል። በዚያ ተራራ ላይ ለዓመታት ዛፉ ሲመነጠርና ቁልቁለቱ ለግንባታ ሲቆረጥ የኖረው በድኾች እጅ ብቻ አልነበረም። ይህን የማነሣው የአዲስ አበባ ሰሜናዊ ጫፎች በዓይናችን ፊት ወደ ተራራው እየወጡ ስለሆነ ነው።

አራተኛው ነጥብ፣ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ቅንጦት ነው የሚለው፣ ከሁሉም ይልቅ በመረጃ የሚፈርስ ነው። ባንግላዴሽ ሀብታም አገር አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1970 በዚያ ምድር የደረሰው አውሎ ነፋስ ቢያንስ ሦስት መቶ ሺህ ሰው ፈጅቷል። በ2020 አምፋን የተባለው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ግን ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰዎች አስቀድመው ወደ መጠለያ በመግባታቸው፣ በዚያች አገር የሞቱት በአስሮች የሚቆጠሩ ሆኑ። በእነዚህ ሃምሳ ዓመታት የተሠራው ሥራ ትንበያ ማሻሻል፣ መጠለያ መገንባትና በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞችን ማሠልጠን ነው፤ በጎ ፈቃደኞቹም ባንዲራና ሜጋፎን ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ። ሜጋፎን የቅንጦት ዕቃ አይደለም።

ወደ ድሬዳዋ ሌሊት ልመለስ። ዝናቡ ከላይ በተራራው ላይ ሲወርድና ውሃው ከተማ ሲደርስ መካከል ጊዜ ነበር። ያ ጊዜ ለአንድ የስልክ ጥሪና ለአንድ ጡሩምባ ይበቃ ነበር። በአገራችን ደግሞ ይህን ለማድረግ የተዘጋጀ መሣሪያ አለን፤ እርሱም እድር ነው። እድር የአባላቱን ቤት በስም ያውቃል፤ ደካማ አረጋዊ የቱ ቤት እንዳለ፣ የአልጋ ቁራኛ ማን ዘንድ እንደሚገኝ ያውቃል፤ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት አለው፤ በሌሊትም ቢሆን ሰው የሚቀሰቅስ ጡሩምባ ነፊ አለው። እስካሁን ጡሩምባው የሚነፋው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ላይኛው ተፋሰስ ላይ ዝናብ የሚለካ ሰው ለእድሩ ሊቀ መንበር ደውሎ፣ ያው ጡሩምባ ሰው ከመሞቱ በፊት ቢነፋ የሚጨምረው ወጪ ምን ያህል ነው?

የኢትዮጵያ ሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት የክረምት ትንበያ ያወጣል፤ በየዕለቱም ያስጠነቅቃል። የጎደለው የመጨረሻው ክፍል ነው። «በማዕከላዊ ደጋማ ቦታዎች ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይጠበቃል» የሚለው ዜና በቀበና ዳር ላለችው እናት ምጣዷን ዛሬ ማታ ታንሣ ወይስ አታንሣ አይነግራትም። ያንን የሚነግራት፣ የትኛው ድልድይ ሥር ውሃው የት ሲደርስ የትኞቹ ቤቶች እንደሚለቁ አስቀድሞ የተስማማ ወረዳና እድር ነው። ይህ ስምምነት በወረቀት ላይ አንድ ገጽ አይሞላም።

ስለ አምስተኛው፣ መጀመሪያ እንደግ ስለሚለው፣ አጭር መልስ አለኝ። ጥንቃቄ በኋላ ሊጨመር የሚችል ነገር ቢሆን ኖሮ ነጥቡ ያከራክር ነበር። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ እሳት ሲነሣ የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበት መንገድ ጠባብ መሆኑ ሥራውን እንዴት እንዳከበደው አይተናል። ሱቆቹ ከተሠሩ በኋላ መንገዱን ለማስፋት ሱቅ ማፍረስ ያስፈልጋል፤ ከመሠራታቸው በፊት ግን በፕላን ላይ ያለ አንድ መሥመር ጥቂት ሜትር ማንቀሳቀስ ይበቃ ነበር። በዚያው ዓመት ከፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቀያቸው አፈናቅሏል፤ በአዲስ አበባ ፎቆች ላይ ያለነውንም በሌሊት ቀስቅሶናል። ከተማዪቱ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ የተቀመጠች ናት፤ በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ እንዳፈረሳት የሚያስታውሱ አረጋውያን ዛሬም አሉ። በአምድ ውስጥ የሚገባ ብረት ሕንፃው ሲሠራ የሚጨምረው ወጪ ትንሽ ነው፤ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ግን ያንኑ ጥንካሬ ለመስጠት ነዋሪውን አስወጥቶ አምዱን መክፈት ያስፈልጋል። ባለጸጎቹ ከተሞች ዛሬ በብዙ ገንዘብ የሚጠግኑት ያኔ ያልተጠነቀቁበትን ነው። እኛ ገና እየሠራን ያለን ሰዎች ነን፤ ስለዚህ ጥንቃቄው ለእኛ ከእነርሱ ይልቅ የሚረክስበት ጊዜ አሁን ነው፤ ይህም ጊዜ በየወሩ በሚፈሰው ኮንክሪት ልክ ያልፋል።

ጸሐፊው በጽሑፋቸው መዝጊያ «ለመሆኑ ከየት እንጀምር?» ብለው ጠይቀዋል። እንደ ጠያቂ ሳይሆን ተስፋ እንደ ቆረጠ ሰው ነው የጠየቁት፤ እኔ ግን ጥያቄውን እንዳለ ወስጄ ልመልሰው። ባለፈው ዓመት ከዚያችው እናት ቤት ጎን አንድ ወጣት ቤት መሥራት ጀምሮ ነበር። ፈቃድ አለው፤ ፕላኑም ማኅተም አርፎበታል። ፈቃዱን የሰጠው ቢሮ ግን ወንዙ በየትኛው ዓመት የት እንደ ደረሰ የሚያሳይ አንድም መዝገብ አልነበረውም፤ ቦታውንም ሄዶ ያየ ሰው አልነበረም። መሠረቱ ወጥቶ፣ የበሩ ደፍ ሊቀመጥ ሲል፣ እናቲቱ ወጣቱን ጠርታ ግድግዳዋ ላይ ያሉትን መሥመሮች አሳየችው። ክር ወጥረን ለካን። የቤቱ ደፍ ከሦስተኛው መሥመር አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ይል ነበር። ወጣቱ ያን ሳምንት ሦስት ረድፍ ድንጋይ አስጨምሮ ወለሉን ከፍ አደረገ፤ መሥመሮቹንም በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ወደ ቢሮው ወሰደ። ፎቶውን ተቀብለውታል፤ በፕላኑ ላይ ግን እስካሁን አልሰፈረም።